ኩኪ፦ ድረ ገጾች ጎብኚን የሚያስታውሱበት ዘዴ

ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነብ ሰው የትኛውን ዐምድ እንዳነበበ፣ በየትኛው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ቆየ፣ የትናንቱንም እትም ገዝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ጋዜጣው ሊያውቅ አይችልም። በኢንተርኔት አማካይነት የሚነበብ ድረ ገጽ ግን ከዚህ ይለያል። ዛሬ አንድን ድረ ገጽ ከፍቶ ቋንቋውን አማርኛ ያደረገ ሰው ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ገጹን በአማርኛ ያገኘዋል። ቀን የጫማ ዋጋ ሲመለከት የዋለ ሰው፣ ማታ ዜና ለማንበብ ሌላ ድረ ገጽ ሲከፍት የዚያው ጫማ ማስታወቂያ ከዜናው ጎን ወጥቶ ያያል። ድረ ገጹ ሰውየውን በምን ዐወቀው? በአንደኛው ድረ ገጽ የታየውንስ ለሁለተኛው ማን ነገረው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በአብዛኛው መልስ የሚሆነው ኩኪ የሚባለው ትንሽ የጽሑፍ ማስታወሻ ነው።

ሀ. የኩኪ ምንነት

ኮምፒዩተር ወይም የእጅ ስልክ ድረ ገጽን የሚያሳየው ማሰሻ ወይም ብራውዘር በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ከታወቁት ማሰሻዎች መካከል ይገኛሉ። ማሰሻው ገጹ ወደሚገኝበት ሩቅ ኮምፒዩተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ፣ ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩም የተጠየቀውን ገጽ መልሶ ይልካል። ጥያቄና መልሱ የሚመላለሱበት ኤችቲቲፒ የተባለው የአሠራር ደንብ አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ይኸውም አንዱን ጥያቄ ከሌላው ጋር አለማያያዙ ነው። ሰርቨሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ካበቃ በኋላ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከዚያው ሰው ይምጣ ወይም ከሌላ ሰው፣ የሚለይበት መንገድ በደንቡ ውስጥ የለም። ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ፣ በአንድ ገጽ ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ የገባ ሰው ቀጣዩን ገጽ በከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ «ማን ነህ?» መባሉ የማይቀር ነበር።

ይህን ችግር የሚፈታው ኩኪ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የሆስፒታልን ካርድ ክፍል ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ በስሙ ካርድ ይወጣለታል። የምርመራው ውጤትና የታዘዘለት መድኃኒት የሚጻፍበት ዋናው ካርድ በካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በእጁ የሚሰጠው የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ብቻ ናት። በሌላ ቀን ሲመለስ ያችን ወረቀት ያሳያል፤ ሠራተኛውም በቁጥሩ መሠረት ዋናውን ካርድ ፈልጎ ያወጣል። ወረቀቷ ስለ ሕመሙ የምትናገረው ነገር የለም፤ ሆኖም ወደ ዋናው ካርድ የምታደርሰው እርሷ ናት።

የኩኪም አሠራር ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። በጽሑፉ ውስጥ የኩኪው ስም፣ ብዙውን ጊዜ ከፊደልና ከቁጥር የተቀላቀለ መለያ፣ ኩኪው የሚመለከተው ድረ ገጽ አድራሻ፣ እንዲሁም አገልግሎቱ የሚያበቃበት ጊዜ ሊገለጹ ይችላሉ። ማሰሻው ይህን ተቀብሎ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ወደዚያው ድረ ገጽ አዲስ ጥያቄ በላከ ቁጥርም ኩኪውን አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ መለያውን አይቶ በራሱ ዘንድ የሚገኘውን መዝገብ ይከፍታል።

አንድ ኩኪ የሚይዘው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከ4096 ባይት አይበልጥም፤ ይህም በላቲን ፊደል ሲቆጠር አራት ሺህ ያህል ፊደል ማለት ነው። ኩኪ ጽሑፍ እንጂ ፕሮግራም አይደለም። ስለዚህም በራሱ ተነሥቶ የሚሠራው ሥራ የለም፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጡትን ፋይሎች ሊያነብ ወይም ሊያጠፋም አይችልም። ኩኪን ከኮምፒዩተር ቫይረስ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በኩኪ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ፣ ጉዳቱ የሚመነጨው ከጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉን ከሚጠቀምበት ወገን ዓላማ ነው።

ለ. የኩኪ አመጣጥ

ኩኪ ለድረ ገጽ አገልግሎት የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። ፈልሳፊው ኔትስኬፕ በተባለው የማሰሻ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የተባለ የ23 ዓመት ወጣት የፕሮግራም ባለሙያ ነው። በዚያን ጊዜ ኩባንያው በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥበትን ዘዴ በማዘጋጀት ላይ ነበር። ገዢው የመረጣቸውን ዕቃዎች ሒሳቡን እስኪከፍል ድረስ ለይቶ የሚይዝ፣ እንደ ገበያ ዘንቢል የሚያገለግል ነገር ያስፈልግ ነበር።

ለእያንዳንዱ ማሰሻ አንድ ቋሚ ቁጥር መስጠት አንዱ መፍትሔ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁጥር ለድረ ገጾች ሁሉ ስለሚታይ፣ አንድን ሰው ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ እግር በእግር ለመከተል የሚያመች ሆኖ ተገኘ። ስለሆነም ሐሳቡ ተትቶ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የየራሱን ማስታወሻ ብቻ እንዲሰጥና ራሱ የሰጠውን ብቻ መልሶ እንዲያነብ ተደረገ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ሰውን የመከታተል አደጋ ገና ከጅምሩ የታሰበበት ጉዳይ እንደ ነበረ ነው።

ኩኪ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ትንሽ ጣፋጭ ብስኩት ማለት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ዳቦ ቤቶች «ኩኪስ» እየተባለ የሚሸጠውም ይኸው ነው። የፕሮግራም ባለሙያዎች ግን አንድ ፕሮግራም ለሌላው ሰጥቶት ሳይለወጥ የሚመለስለትን ትንሽ መረጃ ከዚያ አስቀድመው «አስማተኛ ኩኪ» ይሉት ነበር። የድረ ገጹም ማስታወሻ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማሰሻዎች ኩኪን የሚቀበሉት ተጠቃሚውን ሳያስፈቅዱና ሳያስታውቁ ነበር። ፋይናንሻል ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ስለ ጉዳዩ ከጻፈ በኋላ ነገሩ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ፤ የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽንም በተከታታይ ባደረጋቸው ስብሰባዎች ጉዳዩን መረመረ።

ሐ. የኩኪ ዐይነቶች

ኩኪዎች በዕድሜያቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ጊዜያዊ ኩኪ ሲሆን፣ የሚያበቃበት ቀን ስላልተጻፈበት በአብዛኛው ተጠቃሚው ማሰሻውን ሲዘጋ ይጠፋል። ሁለተኛው ቋሚ ኩኪ ይባላል። ቋሚ መባሉ ማሰሻው ቢዘጋም ስለማይጠፋ እንጂ ለዘለዓለም ስለሚኖር አይደለም፤ የሚቆየው የተመደበለት ቀን እስኪደርስ ድረስ ነው። ቀድሞ ለብዙ ዓመታት እንዲቆዩ የሚታዘዙ ኩኪዎች ነበሩ። ክሮም የተባለው ማሰሻ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ የአንድን ኩኪ ዕድሜ ቢበዛ በ400 ቀን ወስኖታል።

ኩኪዎች በባለቤታቸውም በሁለት ይከፈላሉ። ተጠቃሚው አስቦበት የከፈተው ድረ ገጽ ራሱ የሚሰጠው የአንደኛ ወገን ኩኪ ይባላል። የሦስተኛ ወገን ኩኪ ደግሞ ተጠቃሚው ካልከፈተው፣ ምናልባትም ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ድርጅት የሚመጣ ነው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት እንደሚከተለው ነው። አንድ የዜና ገጽ በአንድ ሰርቨር ብቻ ተዘጋጅቶ የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ጽሑፉ ከዜና ድርጅቱ፣ በጎን ያለው ማስታወቂያ ከማስታወቂያ ድርጅት፣ ቪዲዮው ደግሞ ከሌላ ድርጅት ሊመጣ ይችላል። ማሰሻው ገጹን ለማሟላት ለሁሉም በየፊናቸው ጥያቄ ይልካል፤ እነርሱም ሲመልሱ የየራሳቸውን ኩኪ አብረው ሊልኩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ነው እግር በእግር የመከታተሉ አደጋ በሌላ በር የሚገባው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ማስታወቂያውን በሺህ በሚቆጠሩ ድረ ገጾች ላይ ቢያወጣ፣ በእነዚህ ሁሉ ገጾች ላይ ያንኑ ኩኪ መልሶ ሊያነብ ይችላል። በዚህም አንድ ማሰሻ ጧት የት፣ ቀትር ላይ የት፣ ማታስ የት እንደ ነበረ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኩኪ ቴክኒክ ደንብ ይህን አደጋ በመገንዘብ፣ ማሰሻዎች የዚህ ዐይነቱን ኩኪ ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳይቀበሉ አሳስቦ ነበር። ሆኖም በዘመኑ ገናና የነበሩት ማሰሻዎች ማሳሰቢያውን በሥራ ላይ አላዋሉትም። በዚህ ሥራ ከታወቁት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ የነበረውን ደብልክሊክን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ መጠቅለሉ፣ የሰዎችን የንባብ ልማድ ማወቅ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ያመለክታል።

መ. ጥቅሙና ጉዳቱ

የኩኪ ጥቅም ቀላል አይደለም። በኢንተርኔት ደብዳቤ የሚጻጻፍ፣ ገንዘብ የሚያስተላልፍ፣ ትምህርት የሚከታተል ሰው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሸጋገር የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ እንዳይጠየቅ ያደርገዋል። የተመረጠ ቋንቋንና የፊደል መጠንን ያስታውሳል። የድረ ገጽ አዘጋጆችም በየትኛው ገጽ ላይ ስንት ሰው እንደ ገባ ቆጥረው ሥራቸውን ለማሻሻል ይጠቀሙበታል።

ጉዳቱም በዚያው መጠን መታወቅ አለበት። የመጀመሪያው የግል ሕይወትን ይመለከታል። አንድ ሰው ስለ ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ስለ ብድር፣ ወይም ስለ ሥራ ፍለጋ በተከታታይ ያነበባቸው ገጾች አንድ ላይ ሲደመሩ፣ ለጎረቤቱ እንኳ ያልነገረውን ጭንቀቱን ሊገልጹ ይችላሉ። በኩኪው ላይ ስሙ ባይጻፍም፣ በአንዱ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ወይም ኢሜይሉን ሲሰጥ መለያ ቁጥሩ ከማንነቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሁለተኛው በጋራ በሚሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ የሚደርሰው ነው። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል አንድ ተማሪ ኢሜይሉን ከፍቶ ካነበበ በኋላ ገጹን ብቻ ዘግቶ ቢሄድ፣ ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን «ዘግተህ ውጣ» የሚለውን ካልተጫነ፣ ሰርቨሩ የሚያውቀው ኩኪ በማሰሻው ውስጥ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ከእርሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ያንኑ ድረ ገጽ ሲከፍት የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የተማሪውን ደብዳቤ ያነባል፤ በስሙም መልእክት ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩ የሚያውቀው ማስታወሻዋን እንጂ ማስታወሻዋን ያቀረበውን ሰው አይደለም።

ሦስተኛው የኩኪ ስርቆት ነው። በተጠቃሚውና በሰርቨሩ መካከል ያለው ግንኙነት ምስጢራዊ ካልሆነ፣ በመንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰው ኩኪውን ገልብጦ ሊጠቀምበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ፋየርሺፕ የተባለ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ ላይ የሌሎችን ኩኪ መውሰድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በይፋ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ታላላቅ ድረ ገጾች ግንኙነታቸውን በሙሉ በምስጢራዊ ጽሕፈት ወደሚሸፍነው ኤችቲቲፒኤስ አዛውረዋል።

ሠ. ሕጎች

ጉዳቱ እየታወቀ ሲሄድ መንግሥታት ሕግ ማውጣት ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ድረ ገጾች ስለ ኩኪ አጠቃቀማቸው እንዲገልጹና ተጠቃሚው እንዲቃወም ዕድል እንዲሰጡ አዘዘ። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ ለአገልግሎቱ የግድ አስፈላጊ ከሆኑት በስተቀር ኩኪ ከመቀመጡ በፊት የተጠቃሚው ፈቃድ መገኘት እንዳለበት ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ ደግሞ ፈቃድ የሚባለው ምን እንደሆነ ይበልጥ አጥብቆ ወሰነ። በዛሬው ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች ሲከፈቱ ስለ ኩኪ ፈቃድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ብቅ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሕጉን ትርጉም ፍርድ ቤቶችና ባለሥልጣኖች አብራርተውታል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ድረ ገጹ ራሱ አስቀድሞ ምልክት ባደረገበት ሣጥን የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ብሏል። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም፣ ኩኪን አለመቀበልን እንደ መቀበል ቀላል አላደረጋችሁም በማለት ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይፋ አድርጓል።

በምሥራቅ አፍሪካም የግል መረጃን የሚጠብቁ ሕጎች ወጥተዋል። ኬንያና ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። በኢትዮጵያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን በ2016 ዓ.ም. አጽድቋል።

ረ. ተጠቃሚው ሊያደርገው የሚችለው ቁጥጥር

ሕግ ብቻውን ተጠቃሚውን አይጠብቀውም። ደግነቱ፣ ኩኪ የሚቀመጠው በሰርቨሩ ዘንድ ሳይሆን በተጠቃሚው በራሱ መሣሪያ ውስጥ ነው። በመሆኑም ለመቀበልም ሆነ ለማጥፋት ቁልፉ በእጁ ይገኛል። ቁጥጥሩም የሚከተሉትን ያጠቃልላል።

አንደኛ፣ የፈቃድ ማስታወቂያውን ማንበብ። ብዙ ሰው ወደ ገጹ ለመድረስ ስለሚቸኩል «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ሳያነብ ይጫናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ምን እንደሚፈቀድ ማወቅ ከመፍቀድ ይቀድማል። «አልቀበልም» ወይም «አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ» የሚል ምርጫ ካለ፣ እርሱን መምረጥ አብዛኛውን ጊዜ ንባቡን አያስተጓጉልም።

ሁለተኛ፣ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ማገድ። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን ኩኪዎች ሳይጠየቅ ያግዳል። ፋየርፎክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአንዱ ድረ ገጽ ላይ የተሰጠ ኩኪ በሌላው ላይ እንዳይነበብ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። የክሮም ባለቤት የሆነው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. እነዚህን ኩኪዎች ከማሰሻው እንደሚያስወግድ አስታውቆ የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ሐሳቡን ትቶ ምርጫውን ለተጠቃሚው እንደሚተው ገልጿል። ስለዚህ የክሮም ተጠቃሚ በማሰሻው «ቅንብሮች» ውስጥ ግላዊነትንና ደኅንነትን ወደሚመለከተው ክፍል ገብቶ እገዳውን ራሱ ማድረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ የተቀመጡ ኩኪዎችን ማጥፋት። በዚሁ ክፍል ውስጥ ኩኪዎችን በሙሉ ወይም የአንድን ድረ ገጽ ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን እንደገና ይጠየቃል፤ ምርጫዎቹም ሊጠፉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ኩኪን ማጥፋት በሰርቨሩ ዘንድ ያለውን መዝገብ ማጥፋት አይደለም። የካርድ ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ቀዶ የጣለ ሕመምተኛ በካርድ ክፍሉ ያለውን ዋናውን ካርድ እንዳላጠፋው ሁሉ፣ ድርጅቱም ቀድሞ የመዘገበውን ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አራተኛ፣ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ መጠንቀቅ። በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሰው የግል መስኮት ወይም ማንነት የማያሳውቅ መስኮት የሚባለውን ቢከፍት ይመረጣል። በዚህ መስኮት ውስጥ የተቀበላቸው ኩኪዎች መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ይጠፋሉ። ያም ሆኖ መስኮቱ ተጠቃሚውን ከሚጎበኘው ድረ ገጽ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው አይሰውረውም። ከሁሉ በላይ ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት ዘግቶ መውጣት አለበት።

ኩኪዎችን በጠቅላላ ማገድም ይቻላል፤ ነገር ግን መግቢያ ስም የሚጠይቁ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ያለ ኩኪ አይሠሩም። ደግሞም የመሣሪያን ልዩ ልዩ ጠባዮች በማጤን ያለ ኩኪ ሰውን የሚለዩ ሌሎች ዘዴዎች ስላሉ፣ ኩኪን ማገድ ክትትልን ፈጽሞ ያስቀራል ማለት አይደለም። ስለሆነም የሚበጀው ሁሉንም መፍራት ወይም ሁሉንም መቀበል ሳይሆን ለይቶ ማወቅ ነው። ለተፈለገው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ማስታወሻ መፍቀድ፣ ሳይጠራ የመጣውን መከልከል፣ ሥራው ያበቃውን ማጥፋት የተጠቃሚው መብት ነው። ይህን መብት ሊሠራበት የሚችለው ግን ማስታወሻው በገዛ መሣሪያው ውስጥ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።